በእኛ ዘር የለም

በርበሬ የሚገዛ ሰው ጆንያውን ከላይ አይቶ አይገዛም። እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን እስከ ክርኑ ይከትና ከሥር ያለውን ዛላ ዘግኖ ያወጣል። ከላይ ያለው ሁልጊዜ ቀይ ነው፤ የደረደረው ሻጩ ነዋ። ከሥር ያለው የነጣ ይሁን፣ ክብደት እንዲያነሳ ውኃ ተረጭቶበት የሻገተ ይሁን፣ እጅ ካልገባ አይታወቅም። እኔ ቡሬ ላይ በዚህ ሥራ ሸብቻለሁ። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ የቀረውን ያስተማሩኝ ሚዛንና ደላላ ናቸው። ሰው ሲዋሸኝ አውቃለሁ። ስዋሽም አውቅበታለሁ። ይህን ቀድሜ የምነግራችሁ ልመካ ፈልጌ ሳይሆን፣ ልጄ በሞትና በሕይወት መካከል በተኛችበት ክፍል ውስጥ ውሸት ሲነገር ሰምቼ ምን እንዳደረግሁ እንድትፈርዱ ነው።

ልጄ ሰሚራ ያን ጊዜ ታጭታ ነበር። የእጮኛዋ አባት ሐጂ ይማም እህል ነጋዴ ናቸው፤ በቡሬ ገበያ ከሚዛን ይልቅ የሳቸው ቃል ይታመናል። ጆሯቸው ትንሽ ከበድ ስለሚል ስልካቸውን ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፍተው ነው የሚይዙት። ከገበያው ወዲህኛው ጥግ ሲጠራ ወዲያኛው ጥግ ያለው ሰው ኪሱን ይዳብሳል። እሳቸው ብቻ አይሰሙም፤ «ሐጂ፣ ስልክዎ» ብሎ የሚነግራቸው አላፊ አግዳሚው ነው።

በእኛ አገር ልጅ ሲጠየቅ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ክንዱን ወደ ጆንያው ሥር ይከታል። ዘሩ እንዴት ነው? የሥጋ ደዌ አለበት? የሚጥል በሽታ አለበት? እንዲህ በግልጽ ግን አይጠየቅም፤ ነውር ነው። ሽማግሌዎቹ ስለ ዝናብ ያወራሉ፣ ስለ ዘንድሮ ምርት ያወራሉ፣ ከዚያ አንዱ ጉሮሮውን ጠርጎ «መቼም የእናንተ ቤት ጤና ነው» ይላል። መላሿ እናቴ ነበረች። «አልሐምዱሊላህ፣ በእኛ ዘር የለም» አለች። ምን እንደሌለ አልተናገረችም፤ እነሱም ምን እንደሌለ አልጠየቁም። ተግባቡ።

ነበረ እንጂ። ታላቅ ወንድሜ አሕመዴ ነበረ።

ያን ጊዜ የምንኖረው ማንኩሳ ነው። አሕመዴ ኩንታል ብቻውን የሚያነሳ፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ ጎረምሳ ነበር። የሆነ ነገር ድንገት ከጮኸ ግን ይወድቃል። በር ሲላተም፣ ውሻ ከጀርባው ሲጮኽ። ጥቂት ይንዘፈዘፍና ፊቱ አመድ መስሎ ይነሳል። ሰውም ለበሽታው ስም አወጣለት፤ የሚጥል በሽታ። ከዚያ ወዲያ ሳህኑ ተለየ፣ መኝታው መጋዘን ሆነ፣ ሚስት አልተፈለገለትም። ሲወድቅ ማንም አይነካውም፤ ይጋባል ይባላላ። እናቴ ብቻ ክብሪት ለኩሳ ጭሱን ከአፍንጫው ሥር ታደርግለታለች። የምናውቀው መድኃኒት ይኸው ነበር። ክብሪት ከመቀነቷ ተለይቶ አያውቅም።

የሞተውም እንዲሁ ነው። በርበሬ ለመጫን የመጣው አይሱዙ የኋላ መዝጊያው ከነሰንሰለቱ ሲጣል አሕመዴ አጠገቡ ነበር። ወደቀ፤ እጆቹ ተንዘፈዘፉ። እኛ ክብ ሠርተን ቆምን። እናቴ ክብሪት ለኮሰች፤ ሲጠፋ ሌላ ለኮሰች። መሞቱን ያመነችው ሳጥኑ ባዶ ሲሆን ነው። ከቀበርነው በኋላ ጓዛችንን ጠቅልለን ቡሬ ገባን። ለሰው የነገርነው ለገበያ ነው ብለን ነው። ዓመታት ሲያልፉ ያወቀውም ረሳ፣ ያልረሳውም ዝም አለ፤ የአሕመዴ ስም እቤታችን ውስጥ ሳይቀር የሚነሳው በረመዳን ዱዓ ሲደረግ ብቻ ሆነ።

አሁን ወደዚያ ቀን ልግባ።

ክረምቱ ወጥቶ ወባ የሚበረታበት ወቅት ነበር። ሰሚራም ያዛት፤ ከጤና ጣቢያ ክሎሮኪን የሚባለው ክኒን ተሰጣት። በክኒኑ ጥፋት የለበትም፤ እኔም ስንት ጊዜ ውጬ ድኜበታለሁ። እሷ ግን የቀመሰችውን ሁሉ ታስመልሳለች፤ ውኃም አይረጋላትም። ባለቤቴ የሰርግ ዕቃ ልትገዛ ባሕር ዳር ሄዳለች። ቤት ያለነው እኔና እናቴ ነን።

ረፋድ ላይ ሐጂ ይማም ብርቱካን አስይዘው ሊጠይቋት መጡ። አማች ሲመጣ ተኝቶ መቀበል አይገባም ብላ ሰሚራ ሻሿን አስተካክላ፣ ግድግዳውን ይዛ ተነሳች። ቤቴና መጋዘኔ አንድ ግቢ ናቸው። ጫኞቹ ውጭ ሥራ ላይ ነበሩ። ልክ የሐጂን እጅ ልትስም ጎንበስ ስትል የአይሱዙው መዝጊያ ከነሰንሰለቱ ተጣለ።

ያንን ድምፅ በየቀኑ እሰማዋለሁ፤ እንጀራዬ ነው። በዚያች ቅጽበት ግን ከማንኩሳ የመጣ መሰለኝ። ሰሚራ ቀና አለች፣ ዓይኗ ወደ ላይ ዞረ፣ ከሐጂ እግር ሥር ወደቀች። እጆቿ ተንዘፈዘፉ።

የእናቴ እጅ ወደ መቀነቷ ሄደ። «ክብሪ...» አለችና ሐጂ ይማምን አየች። እጇ እመቀነቷ ላይ ቀረ። ፀሐይ ግቢውን ሞልታው፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ሳለ፣ «ኩራዝ ላበራ ብዬ ነው፤ ቤቱ ጨለመብኝ» አለች።

ሐጂ አልሰሟትም ወይም ያልሰሙ መሰሉ። ጎንበስ ብለው የሰሚራን ራስ ከመሬት አነሱ። እሷም ወዲያው ዓይኗን ገለጠች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። እናቴ ድካም ነው፣ አጥሚት ትጠጣና ትተኛ ማለት ጀመረች። ሐጂ ግን ወባው ጭንቅላቷ ላይ ወጥቶ ነው፣ ይህ የሚያስተኛ ነገር አይደለም ብለው የመኪናቸውን ቁልፍ አወጡ። «የእኔም ልጅ ናት» አሉ። ከልባቸው ነበር ያሉት። ሐጂ ይማም ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይህን ያዙልኝ። ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ይህን ታሪክ ማውራት ይቀለኝ ነበር።

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ሲኬድ በማንኩሳ ይታለፋል። ወንድሜ የተኛበት መቃብር ከአስፋልቱ ላይ ይታያል። ሐጂ መሪውን እንደያዙ ወደ ኋላ ሳይዞሩ «እናታችን፣ እዚህ ማንኩሳ ዘመድ አላችሁ ልበል?» ብለው ጠየቁ። እናቴ «በመንገድ የምናውቃቸው ሰዎች ነበሩን» አለች፤ ሻሿን የምታስተካክል መስላ ፊቷን ወደ ሌላው መስኮት አዞረች። የገዛ ልጇን የመንገድ ሰው ስታደርገው ጎኗ ተቀምጬ ነበር። ሰሚራ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጥላ «አባዬ፣ ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ይገላበጣል» አለችኝ። ይኸው ደረስን አልኋት፤ ገና ነበርን።

ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ አንዲት ወጣት ሐኪምና አንድ ረዘም ያለ ነርስ ተቀበሉን። ሐጂ ቀጥታ ወደ ነርሱ ሄደው «ዶክተር፣ ልጃችንን ወባ አጥቅቷታል» አሉት። ነርሱ ዶክተሯ እሷ ናት ብሎ አሳያቸው። ሐጂም ወደ እሷ ዞረው «ሲስተር፣ ለዶክተሩ ንገሪልን» አሏት። ሴትዮዋ የለመደችው ይመስላል፤ ሳትከፋም ሳትስቅም እሺ አባቴ ብላ የሰሚራን የእጅ ደም ሥር ያዘች። ጥቂት ቆጥራ ፊቷ ተለወጠ። አንዴ ይመታል፣ ይዘላል፣ ሁለቴ ተከታትሎ ይመታል አለች፤ ለእኛ ሳይሆን ለነርሱ ነው። መጋረጃው ተሳበና ሽቦዎች ደረቷ ላይ ተለጠፉ። ማሽኑ ረጅም ወረቀት አወጣ፤ ላዩ ላይ የልቧ ምት እንደ ተራራ ሰንሰለት ተሠምሯል። ዶክተሯ ወረቀቱን ወደ መስኮት ወስዳ በጣቷ ከጫፍ ጫፍ ለካችው፤ ደግማ ለካችው።

ምን መድኃኒት ወሰደች አለችን። የክኒኑን ማሸጊያ ከኪሴ አወጣሁ። ከዚህ በፊት ወድቃ ታውቃለች ወይ ስትል እናቴ ቀደመችኝ፤ የኔ ልጅ ወድቃ አታውቅም አለች። ያን ጊዜ ዶክተሯ ወረቀቱን አጠፈችና ሦስታችንንም አየችን።

«በቤተሰቡ ውስጥ በድንገት የሞተ ሰው አለ? ወይም የሚወድቅ፣ የሚጥል በሽታ አለበት የተባለ?»

«በእኛ ዘር የለም» አለች እናቴ።

ሐጂ ይማም ራሳቸውን ነቀነቁ። «የለም፤ ጠይቀናል» አሉ። እንደ ምስክር ነው። እውነትም ጠይቀዋል።

ዶክተሯ ሁለት ነገር እንደምታስብ ነገረችን። አንደኛው ሐጂ እንዳሉት ወባው ጭንቅላቷ ላይ ወጥቶ አንዘፍዝፏት ሊሆን ይችላል፤ እንዲያ ከሆነ ወደ ዋርድ ገብታ የወባና ማስመለሱን የሚያቆም መድኃኒት ይሰጣታል። ሁለተኛው ልቧ ነው። ወረቀቱ ላይ ልቧ ከመታ በኋላ ለሚቀጥለው ምት ለመዘጋጀት የሚወስደው ጊዜ ረዝሟል። ክሎሮኪኑና ማስመለሷ ብቻቸውን ትንሽ ሊያስረዝሙት ይችላሉ፤ ከሆነ አብረው ያልፋሉ። ከዘር የመጣ ከሆነ ግን አያልፍም። ሊሰጣት የተዘጋጀው የማስመለስ ማቆሚያ መርፌም ነገሩን ያባብሰዋል። ልብ የሚከታተለው ማሽን ያለው አንድ ነው፤ እሱም ወዲያ ጥግ ያሉት ሽማግሌ ላይ ነው።

«ከዘር ካለ አሁኑኑ ነቅዬ ለእሷ አመጣዋለሁ፤ ከዓይኔም አትርቅም» አለች። «ከሌለ ወደ ዋርድ እልካታለሁ። ለዚህ ነው የምጠይቃችሁ።»

ነርሱ መርፌውን ይዞ ቆሟል። እናቴ ዓይኗን እኔ ላይ ተከለች። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ልጅ ሆኜ ገበያ ይዛኝ ስትሄድ ደላላ ፊት አፌን የምታዘጋበት ነው። ሐጂ መቁጠሪያቸውን እያንከባለሉ ነው። ሰሚራ ዓይኗን ጨፍናለች፤ ግን እንደምትሰማ ከሽፋሽፍቷ አውቄያለሁ።

እንግዲህ ነጋዴ ነኝና አሰብሁ። አንድ ቃል ብናገር ሰርጉ የለም። ሰርጉ ብቻ አይደለም፤ የሰሚራ ታናናሾችም አሉ፤ የእኔ ቤት በር በሽማግሌ መንኳኳቱ ያበቃል። ባልናገር ደግሞ ምናልባት ወባ ነው። ምናልባት። በርበሬ ላይ ምናልባት ብዬ ገዝቼ አውቃለሁ፤ ከስሬም አውቃለሁ፤ በርበሬ ነው።

«ታላቅ ወንድሜ ይወድቅ ነበር» አልሁ። «በወደቀበት ሞተ።»

የመቁጠሪያው ድምፅ ቆመ።

ዶክተሯ ፊቷን ወደ እኔ ብቻ አዞረች። «ሲወድቅ ምን ሲሆን ነው? ተኝቶ ሳለ ነው? ሥራ ላይ?»

«ሲደነግጥ ነው። ድንገት የሆነ ነገር ሲጮኽ። እሷም ዛሬ የመኪና መዝጊያ ሲወድቅ ነው የወደቀችው። ልጅ ሳለችም የትምህርት ቤት ደወል ሲመታ አንዴ ወድቃለች፤ ፀሐይ ነው ብለን ነበር።»

እናቴ «ምን ነካህ አንተ ልጅ» አለች፤ በቀስታ ነው ያለችው። ወደ ሃምሳ ዓመት የተጠጋሁ ሰው ነኝ፤ ልጅ የተባልሁት የዚያን ቀን ለመጨረሻ ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እንደ ሕልም ነው የማስታውሰው። ዶክተሯ መርፌውን ከነርሱ እጅ ወስዳ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። ማሽኑን ከሽማግሌው ላይ አንስተው እየገፉ አመጡት፤ ሽማግሌው ውሰዱት ልጆቼ፣ እኔስ ጠግቤ ኖሬያለሁ አሉ። ማግኒዚየም የሚባል መድኃኒት አዝዛ ነርሱ ያዘጋጅ ጀመር። የሰሚራ ደረት ላይ ትልልቅ ልጥፎች ተለጠፉ። እኛን ወደ መጋረጃው ጥግ ገፉን። ሐጂ ይማም አልሄዱም። ለመሄድም ለመቅረብም የከበዳቸው መስለው መጋረጃውን ይዘው ቆሙ።

መድኃኒቱ ገና ክንዷ ላይ ሳይደርስ የሐጂ ስልክ ጮኸ።

ያንን ስልክ ነግሬያችኋለሁ። እሳቸው አልሰሙትም። ሰሚራ ደነገጠች። የማሽኑ መስመር እስከዚያ ድረስ አንዱን ተራራ ከሌላው እየለየ ይሄድ የነበረው፣ አንዱ ባንዱ ላይ እየተጠመዘዘ እንደ ገመድ ተገመደ። የልጄ ዓይን ወደ ላይ ዞረ። እጆቿ ተንዘፈዘፉ። ልክ እንደ አሕመዴ።

እናቴ አሁን የማንንም ፊት አላየችም። ክብሪቱን ከመቀነቷ መዝዛ «አሽቷት! ኧረ ክብሪት አሽቷት!» እያለች ሮጠች። ትከሻዋን ይዤ አስቀረኋት።

ነርሱ አልጋው አጠገብ ከፍ ብሎ ሁለት እጆቹን አነባብሮ የልጄን ደረት ይጫን ጀመር። እንዲህ ሰው በሰው ላይ ሲበረታ አይቼ አላውቅም። እኛ አሕመዴን ሲወድቅ መንካት ፈራን፤ እሱ ግን የልጄን ደረት አጥንቷ እስኪሰበር ድረስ ይጫናል። ዶክተሯ ማሽኑን እያስተካከለች «ራቁ፤ ማንም አይንካት» አለች። ነርሱ እጁን አነሳ። ማሽኑ በልጥፎቹ በኩል ኤሌክትሪክ ሲለቅባት የሰሚራ ገላ ከአልጋው ዘለል ብሎ ተመለሰ።

መስመሩ ቀጥ አለ። ከዚያ አንድ ተራራ። ከዚያ ሌላ።

ሐጂ ይማም ስልካቸው እጃቸው ላይ እየጮኸ ቆመዋል። ማጥፊያው ጠፋቸው። ከእጃቸው ወስጄ አጠፋሁላቸው። ይቅርታ አሉኝ። ስልኩን መለስሁላቸው።

ወደ ማታ ገደማ ልቧ ተረጋግቶ ሲተኛላት ዶክተሯ ወደ ውጭ ጠራችኝ። እየደጋገመች፣ በሚገባኝ ቋንቋ ነገረችኝ። ልብ የሚመታው በኤሌክትሪክ ነው። መትቶ ሲጨርስ ለሚቀጥለው ኃይሉን ይሰበስባል። የሰሚራ ልብ ሲሰበስብ ይዘገያል፤ ያልጨረሰ ሳለ ድንጋጤ ከደረሰበት ይተረማመስና ደም መግፋት ያቅተዋል። ያኔ አንጎል ደም ስለሚያጣ ሰው ወድቆ ይንዘፈዘፋል። ክሎሮኪኑና ማስመለሷ ዛሬ አባባሱት እንጂ ነገሩ ከውልደቷ አብሯት ያለ ነው።

«ታዲያ ወንድሜ?» አልኋት።

«ሳላየው እርግጠኛ ነኝ አልልም። ካሉኝ ተነስቼ ግን የእሱም ልቡ ይመስለኛል፤ የሚጥል በሽታ አይደለም። የሚጥል በሽታ ቢሆንም ኖሮ ደግሞ አይጋባም፤ እሱም መድኃኒት አለው።»

«ለልቡስ መድኃኒት ነበረው?»

«ነበረው» አለች። «በየቀኑ የምትዋጥ ክኒን። በየመድኃኒት ቤቱ አለች።»

ዛላ የሚለይ ዓይን አለኝ ብዬ የምኮራ ሰው እያለሁ፣ ወንድሜ ሳህኑ ተለይቶለት፣ መጋዘን ተኝቶ፣ ሚስት ሳያገባ፣ በየመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠች ክኒን አጥቶ ሞተ። ለዚያውም ዙሪያውን ቆመን። አንዳችን እጃችንን ደረቱ ላይ ብናሳርፍ ምናልባት ይነሳ ነበር፤ እኛ ያሳረፍንበት የክብሪት ጭስ ነው።

ሰሚራ በሪፈር ባሕር ዳር ሄዳ ታየች፤ ክኒኗ ተጀመረላት። መውሰድ የሌለባትን መድኃኒቶች ስም አስጽፋ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ትዞራለች። ከእኛም ማን ያንኑ እንደያዘ እንዲታወቅ ሁላችንም እንድንመረመር ተነገረን። እኔ ተመረመርሁ፤ የእኔም ልብ ኃይሉን ሲሰበስብ ይዘገያል። ጫኞቹን የኋላ መዝጊያውን በእጅ ይዛችሁ አውርዱ ስላቸው ጋሼ ለመኪናው አዘነ ብለው ይስቁብኛል። እናቴ አልመረመርም አለች። ንጹሕ ነኝ ብላ ነው።

ሐጂ ይማም ያን ዕለት ከሄዱ በኋላ ጥቂት ቆይተው ሽማግሌ ላኩ። ስለ ዝናቡ ተወራ፤ ስለ ዘንድሮ ምርት ተወራ። ከዚያ አንዱ ጉሮሮውን ጠርጎ «ልጆቹ ገና ልጆች ናቸው፤ ትንሽ ቢቆዩ ምናለ» አለ። ልጁ አላህ ይስጠውና እስካሁን አልቆየም፤ አግብቷል።

እናቴ ከዚያ ወዲህ አታናግረኝም። እዚያው ግቢ ውስጥ ነን፤ ምግብ ቀርቧል በሉት ትላለች፣ በልቶ ከሆነ ሳህኑን አምጡ ትላለች። ሳህኔን ለየችው ማለት ነው። ይህን ስጽፍ መሳቅ አማረኝ፤ ግን አልሳቅሁም።

ያላሰብሁት ምት የመጣው ከሰሚራ ነው። ከባሕር ዳር ስንመለስ አውቶብስ ውስጥ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ እንዳዞረች ጠየቀችኝ።

«አባዬ፣ ዶክተሯን ለብቻዋ ጠርተህ በጆሮዋ ብትነግራት ምን ነበር?»

ሚዛን ያስተማረኝ ሰው፣ ደላላ ያስተማረኝ ሰው፣ ሁለት ክፉ ነገር ከፊቴ ሲቀመጥ አንዱን መረጥሁ እንጂ መጋረጃውን ገልጬ ሁለት እርምጃ መውጣት እንደምችል አልመጣልኝም። ልጄ ድናለች። እጮኛዋን ግን በአደባባይ ነው የሸጥሁባት። እኔን ስታይ ታመሰግነኛለች፤ አባዬ ስትለኝ ግን በመካከላችን ያ መጋረጃ አለ።

አንባቢዬ፣ ይህን የምነግርህ ከእኔ ስህተት ዋጋ እንድታተርፍ ነው፤ ነጋዴ በነጻ የሚሰጠው ነገር ብዙ አይደለምና ያዘው። በቤትህ ድንገት ሲጮኽ ወይም ሲሮጥ የሚወድቅ ሰው ካለ ልቡ ይታይ። ወድቆ ካልተነፈሰ ክብሪት አትፈልግ፤ ሰው ጥራ፣ ደረቱን ተጫን፣ ወደ ሐኪም ውሰደው። ሐኪም ከዘር አለ ወይ ብሎ ሲጠይቅህ ሽማግሌ የጠየቀህ አይምሰልህ። እፍረት ከያዘህም በጆሮው ንገረው፤ ብቻ ንገረው።

አንድ ነገር ቀረኝ።

ባለፈው ሰሞን ሐጂ ይማም መጋዘኔ መጡ። ከዚያ ወዲህ ገበያ ላይ ከሰላምታ ያለፈ አልተነጋገርንም ነበር። በርበሬ ፈልገው እንደመጡ ነገሩኝ። እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን ወደ ጆንያው ከተቱ፤ ዘግነው አወጡ፤ አላዩትም። መልሰው ጨመሩት። ዝናቡ ዘንድሮ ጥሩ ነው አሉ። ጥሩ ነው አልሁ።

«አንድ የማውቀው ሰው አለ» አሉ ቆይተው። «ሩቅ ነው አገሩ። ትንሽ ልጅ አለችው አሉ፤ ... እንዲያው የናንተ ልጅ እንደሆነችው ያደርጋታል ይባላል። ያችን ሐኪም አሁንም እዚያው ትገኛለች ወይ ብሎ ሲጠይቅ ሰምቼ ነው።»

ይህን ሲሉ የሸሚዛቸው ኪስ በራ። ስልካቸው ነው፤ ሰው ይደውላል። ድምፅ የለውም። ጆሮ የሚከብዳቸው ሰው፣ ገበያ ሙሉ የሚያውቀው ያ ስልክ ድምፁ ተዘግቷል። በቤታቸው የሚደነግጥ ሰው ከሌለ በቀር እንዲህ አያደርጉትም።

ማየቴን አዩ። እጃቸውን ኪሳቸው ላይ አኖሩ።

ብዙ ነገር ማለት እችል ነበር። ምላሴ ላይ የደረሰውን ሁሉ ብጽፈው ይህን ወረቀት ያቃጥለዋል። ጠይቀናል ያሉትን አስታወስሁ፤ ሰሚራን አስታወስሁ። ከዚያ የትንሿ ልጅ እጅ ሲንዘፈዘፍ ታየኝ።

«አለች» አልኋቸው። «ዛሬውኑ ይውሰዳት፤ ነገ አይበል። ለዚያ ለሚያውቁት ሰው ይንገሩልኝ፣ ሐጂ፤ ሐኪሟ ከዘር አለ ወይ ብላ ስትጠይቀው ‹ጠይቀናል፣ የለም› እንዳይላት።»

ሐጂ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። እጅጌያቸውን ሳያወርዱ፣ የበርበሬው አቧራ ክንዳቸው ላይ እንዳለ፣ ወደ መኪናቸው ሄዱ። በሩን ሲዘጉት አላላተሙትም፤ በሁለት እጃቸው ገፍተው በቀስታ ነው የዘጉት።